«ፍሬን እምቢ አለው» አትበሉን!

ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። አሁን ጊዜ የሌላችሁ አስቀምጡትና ለበዓል ወደ ሀገር ቤት ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት። አባታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ባለቤታችሁ ከባድ መኪና የሚነዳ ግን ዛሬውኑ አንብቡልኝ።

ዜናውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የሚለወጠው የቦታው ስምና የሟቾቹ ቁጥር ብቻ ነው። «ተሳቢ ያለው የጭነት ተሽከርካሪ ቁልቁለት በመውረድ ላይ ሳለ ባጋጠመው የፍሬን ችግር ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ…»። ከዚያ ስንት ሰው እንደሞተ፣ ከዚያ «አሽከርካሪዎች ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማሳሰቢያ። እኛ ደግሞ ሻማ እንለጥፋለን፣ «ነፍስ ይማር» እንላለን። በሦስተኛው ቀን ሌላ ወሬ ይመጣል። አለቀ።

ይቺ «የፍሬን ችግር» የምትባል ነገር አንጀቴን አሳርራዋለች። ምክንያት ትመስላለች፣ ግን ምንም አትናገርም። አንድ ሰው ሞቶ «ምን ገደለው?» ስትሉ «ትንፋሹ ቆመ» ቢሏችሁ ትቀበላላችሁ? ትንፋሹማ ቆሟል! ለምን ቆመ ነው ጥያቄው።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳስተምር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አባቷ ተሳቢ ይነዳ ነበር። ጭነቱን አራግፎ፣ መልስ ጭኖ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቁልቁለት ላይ ሞተ። ከለቅሶ ተመልሳ ክፍል በገባች በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሰበቃ ሳስተምር እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፍሬን እንዴት ነው እምቢ የሚለው?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሰጧቸው ወረቀት ላይ የተጻፈው ያው «የፍሬን ችግር» ነበር። ልጅቷ የጠየቀችው የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ የፊዚክስ መልስ ይገባታል። መልሱን ለእሷ ያኔውኑ ነግሬያታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ፍሬን እምቢ አይልም። ፍሬን ሐሳብ የለውም። ፍሬን ማለት የመኪናን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል። ሙቀቱ ከሚወጣው በላይ ከገባ ግን ይጠራቀማል። ሸራው ሲቃጠል መያዙን ይተዋል። ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ሹፌሩ ደንግጦ ደጋግሞ ሲረግጥ ንፋሱ ይወርዳል። ይኼ ሁሉ የሚታወቅ፣ የሚለካ፣ ቀድሞ ሊነገር የሚችል ነገር ነው። ዱብ ዕዳ አይደለም።

እስቲ ዓባይ በረሃን እንውሰድ። ቁጥር የምትፈሩ ተማሪዎቼ አትሽሹ፣ ቀላል ነው።

ጎሃ ጽዮን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከታች ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ልዩነቱ ወደ 1,400 ሜትር። ከዚያ ደግሞ ወደ ደጀን መልሶ ያንኑ ያህል ዳገት። ከጎሃ ጽዮን ደጀን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቁልቁለቱ ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ተሳቢ ያለው መኪና «400 ኩንታል» ይጭናል ሲባል ሰምታችኋል፤ 40 ቶን ማለት ነው። የመኪናውንና የተሳቢውን የራሳቸውን ክብደት ትተን ጭነቱን ብቻ እናስላ። 40,000 ኪሎ ግራም ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ1,400፤ ወደ 550 ሚሊዮን ጁል።

550 ሚሊዮን ጁል ስንት ነው? 90 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከቀዝቃዛው ተነስቶ እስኪፈላ የሚፈጀው ሙቀት ነው። ይኼ ሙቀት አንድ መኪና ጎሃ ጽዮን ላይ ጉዞ በጀመረ ቁጥር የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ ይግላል፣ ወይ መኪናው ፍጥነት ይጨምራል። የጎማውና የነፋሱ ሰበቃ ትንሽ ይቀንስለታል። ከዚያ ውጪ ሌላ መንገድ የለም። የኃይል ጥበቃ ሕግ ለማንም አያዳላም፤ ጉቦ አይቀበልም፣ ዘመድም የለውም።

አሁን ሰዓቱን አስገቡበት። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከወረደ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በየሴኮንዱ የሚወጣው ሙቀት ወደ 150 ኪሎ ዋት ነው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎ ዋት ያህል ይበላል ብንል፣ 38 ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደመጣድ ነው። አብዛኛውን ሞተሩ በማርሽ ይይዘዋል፣ ፍሬኑ የቀረውን ይችለዋል። በ60 ከወረደ ግን በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ 114 ምጣድ! ማርሹም ቀላል ስለሆነ ሞተሩ ብዙ አይዝለትም። 114 ምጣድ ከስንት ጎማ ሥር? በዚያ ላይ ከተሳቢው ጎማ ግማሹ የማይዝ ከሆነስ?

የድሮ ሹፌሮች ይህን ሁሉ ስሌት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስተምሩ ነበር፦ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ»። ዲፕሎማም ዲግሪም የማያስፈልገው ፊዚክስ ነው።

እንግዲህ «ተሳቢ» የሚለውን ቃል አስቡት። ተሳቢ ማለት የሚሳብ። ስሙ እውነት የሚሆነው ግን ሜዳና ዳገት ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ተሳቢ አይሳብም፤ ይገፋል። ከኋላ ያለው ሃያ ምናምን ቶን የፊተኛውን ወደ ታች ይነዳዋል። ተሳቢው የራሱ ፍሬን በትክክል ከሌለው የፊተኛው መኪና ለሁለት ይይዛል። ኩርባ ላይ ከያዘ ደግሞ የኋላው ወደ ጎን ያመልጥና ሁለቱ እንደ ቢላዋ ይታጠፋሉ። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ ለሽርሽር ከቤት መኪና ኋላ የምትጎተት ባለ ጎማ ቤት እንኳን ከ1,360 ኪሎ ገደማ ከበለጠች በአብዛኞቹ ግዛቶች የራሷ ፍሬን እንዲኖራት ሕግ የሚያስገድደው። ለአልጋና ለምድጃ! የእኛ ስንዴና ሲሚንቶ ግን ስንት ጊዜ ነው ፍሬኑ በደንብ ሳይታይ ጣርማ በርን የሚሻገረው?

የተሳቢ ነገር በዚህ አያበቃም። ሹፌሩንም ከኋላው የሚገፋው አለ። ጽሑፌ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመኪናው ባለቤት። ብዙ ቦታ የሹፌር ኑሮ የሚወሰነው በምልልስ ነው። ደመወዙ ትንሽ ናት፤ ቤት የሚያቆመው በየጉዞው የሚያገኘው ነው። በወር አንድ ምልልስ ከጨመረ ልጁ ደብተር ያገኛል፣ አንድ ከቀነሰ የቤት ኪራይ ይጎድላል። እንዲህ ዓይነት ክፍያ ዘርግተህ «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ጽሑፍ መኪናው ላይ ብትለጥፍ ማሾፍ ነው። የምትከፍለው ለፍጥነት ነዋ!

ናፍታውም እንደዚያው። በልክ ይሰጠዋል፣ የተረፈው ኪሱ ይገባል። ናፍታ በየጊዜው በጨመረ ቁጥር ቁልቁለትን «በፎሌ» መውረድ ገንዘብ ይሆናል። ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ መልቀቅ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ከጨዋታ ወጣ፤ 550 ሚሊዮን ጁሉ በሙሉ ለፍሬን ተሰጠ። ሹፌሩ ይህን ሲያደርግ አጥፍቷል፣ አልክድም። ግን ሦስት አራት ሊትር ናፍታ ከነፍሱ ጋር እንዲያወዳድር ያደረገው ማን ነው?

ቀጥሎ ባለ ጭነቱ። «ነገ ጠዋት መድረስ አለበት»። ከዚያ ደግሞ እኛ። አዎ፣ እኔና አንቺ፣ እኔና አንተ። የፒያሳ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ አትክልት ተራ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ ሌሊቱን ሙሉ አይሱዙ ሲገባ ነበር የምንተኛው። ቲማቲም አይጠብቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የገባው በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፣ ረፋድ ላይ የደረሰው የበሰበሰ ይጥላል። አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን ስም አወጣንለት፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» አልነው። ሳቅን። ቲማቲሙን ግን ጠዋት በኩርማን ስንገዛ ለምን ትኩስ ሆነ ብለን አልጠየቅንም። ለገዳዩ ቅጽል ስም አውጥተን የላኪዎቹን ስም ዘለልነው።

መንግሥትም ከኋላ ይገፋል፤ ባለማድረግ። አዲስ አበባ ከባድ መኪና በተወሰኑ ሰዓቶች እንዳይገባ ትከለክላለች። ለከተማው መጨናነቅ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሹፌሩ ሰዓቱ ሳይዘጋበት ለመድረስ የሚሮጠው የት ነው? ከተማ ውስጥማ አይሮጥም፤ ገደል ላይ ነው የሚሮጠው።

ደግሞ አሁን ያለንበት ጊዜ አለ። «ፍሬኑ ሲግል ቆመህ አቀዝቅዝ» ብለን እንመክራለን። የት ይቁም? ሰው ከመኪና ወርዶ በሚታገትበት መንገድ ላይ ቆሞ ጎማ ይንካ? ከጎሃ ጽዮን መለስ ባለው መስመር ባለፉት ዓመታት የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። ሹፌሩ ሁለት ሞት መሐል ነው። ቢቆም አንዱ፣ ቢሮጥ ሌላው። እና እየሮጠ የሞተውን «ጥንቃቄ ጎደለው» እንለዋለን። እኛ ሙት ወቃሾች!

በዚህ መሐል የምናገኘው መፍትሔ ምንድነው? «የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም»። ይገጠም፣ ሜዳ ላይ ይጠቅማል። ግን ተማሪዎቼ፣ አስቡ። የፍጥነት መገደቢያ የሚሠራው ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ በመቀነስ ነው። ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚነዳው ናፍታ ነው ወይስ የመሬት ስበት? የመሬት ስበት ላይ መገደቢያ የገጠመ መሥሪያ ቤት እስካሁን አልሰማሁም።

ውጭ ሀገር እንዴት ነው ለምትሉ፤ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ኮሎራዶ ውስጥ ትልቅ መኪና ይነዳል። እዚያ ከሀገራችን ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ሥራ ላይ ናቸው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው ዋና መንገድ የአይዘንሃወርን ዋሻ የሚያልፈው 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጣርማ በራችን ከፍ ይላል፤ ጣርማ በርም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ተራራ ተራራ ነው፣ የመሬት ስበትም እዚህም እዚያም አንድ ነው። ልዩነቱ ሌላው ነገር ነው። ልጁ የነገረኝን ላስፍር።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ትልቅ ምልክት አለ፤ ስንት በመቶ እንደሚወርድ፣ ለስንት ማይል እንደሚወርድ፣ መኪናህ ይህን ያህል ከከበደ በስንት ፍጥነት እንደምትወርድ። ሕጉ ሹፌሩ 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ ይበቃሃል ይለዋል፤ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታ ነው። የነዳበትን ሰዓት ራሱ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ይመዘግባል፣ በእጅ ተጽፎ አይሸወድም። ከነጭነቱ የጠቅላላው መኪና ክብደት በመደበኛው 36 ቶን ገደማ አይበልጥም። የእኛ ጭነት ብቻውን 40 ነው!

ከሁሉ በላይ ደግሞ ማምለጫ መንገድ አለ። እነ እንትና ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ላስረዳ፦ ቁልቁለቱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ከዋናው መንገድ የምትገነጠል፣ ወደ ላይ የምትወጣ፣ ጥልቅ ልቅ ጠጠር የተሞላች ጎዳና ናት። ፍሬኑ የሞተበት ሹፌር መሪውን ወደዚያ ይጠመዝዛል፤ ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል፤ መኪናው ይቆማል። መኪናው ሊጎዳ ይችላል፣ ሰውየው ግን ቤቱ ይገባል። ምንድነው የሚያስፈልገው? ጠጠር! ሳተላይት አይደለም፣ ከውጭ ምንዛሪ ጋር አይገናኝም። የኢትዮጵያ ተራራ ጠጠር አንሶት ያውቃል? እኔ በሄድኩባቸው ታላላቅ ቁልቁለቶች ግን አንዲት ማምለጫ አላየሁም።

እነሱ ጋ ሰው አይሞትም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 እዚያው መንገድ ላይ፣ ዴንቨር መግቢያ፣ እንጨት የጫነ መኪና ፍሬኑ ሞቶ በትራፊክ ከቆሙ መኪናዎች ጋር ተጋጨና 4 ሰው ሞተ። ሹፌሩ ወጣት ስደተኛ ነበር። ማምለጫውን አልፎ መሄዱ ተመሰከረበት፣ ጥፋተኛ ተባለ። የተፈረደበት ግን 110 ዓመት ነበር። ሰው ተንጫጫ፤ ሚሊዮኖች ፈረሙ፤ በመጨረሻ አገረ ገዢው ወደ 10 ዓመት አወረደለት። ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሹፌርን «ማምለጫው እያለ ለምን አለፍከው?» ብለህ መጠየቅ የምትችለው ማምለጫ ከሠራህለት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ያም ሀገር ቢሆን ጥፋቱን ሁሉ አንድ ወጣት ላይ ጭኖ መገላገል ሲፈልግ ሕዝቡ «ቆይ፣ ቆይ» ብሏል። እኛስ መቼ ነው «ቆይ» የምንለው?

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። አንድ በአንድ እንሂድ።

«ሹፌሮቹ ጫት ይቅማሉ።» ብዙዎቹ ይቅማሉ። ለምን? ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እንዲነዳ የተገደደ ሰው በምን ይነቃል? ተኛ ብትለው ይተኛል። ማንም ሰው አልጋ እያለው ለመዝናናት ብሎ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊማሊሞን አይወርድም።

«ደሃ ሀገር ነን፣ አቅሙ የለንም።» ይቺን ነገር ተዋት። የዓባይን አዲሱን ድልድይ በ2000 ማብቂያ ስንመርቅ 303 ሜትር ድልድይ ነው ያቆምነው፤ በጃፓን እርዳታ ይሁን እንጂ ቆሟል። ጣርማ በርን ጣሊያን በወረራው ዓመታት 600 ሜትር ገደማ ፈልፍሎ ትቶልን ሄደ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፎሌ የሚሉ ቃላቱንም ትቶልናል፤ ፒያሳ ራሷ የእነሱ ቃል ናት። ቃሉን ወረስን፣ መንገዱን ወረስን፣ አስፋልቱንም አደስን። ድልድይና ዋሻ ያለው ሀገር ለጠጠር ደሃ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ደግሞ ድህነትን ካነሳን፤ የሚቃጠለው መኪና፣ የሚደፋው ስንዴ፣ አባት የሌለው ልጅ፣ በነጻ ነው እንዴ የሚመጣው?

«ቀኑ ደርሶ ነው።» ይህን የሚሉ ሰዎች እምነታቸውን አከብራለሁ። እኔም አምናለሁ። ግን የእግዜርን ስም ያረጀ የፍሬን ሸራ መሸፈኛ አናድርገው። ሸራውን ያልቀየረው ባለንብረት ነው። ቀኑ ደርሶ ከሆነ የተሳቢው ምርመራ ቀን ለምን አልደረሰም?

«አንተ መምህር ነህ፣ ምን አገባህ? ኢንጂነር አይደለህ።» እውነት ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ለዚህ ስሌት ግን ከአስረኛ ክፍል ፊዚክስ ያለፈ አያስፈልግም። ስሌቱ ከተሳሳተ ኢንጂነሮቹ ይምጡና ያርሙኝ፣ ደስ ይለኛል። ካልተሳሳተ ደግሞ እስካሁን ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ ይንገሩን።

እንዲሁ ተናድዶ መቅረት እንዳይሆን የምጠይቀውን ልጻፍ። ተአምር አልጠይቅም።

አንደኛ፣ ዓባይ በረሃ፣ ጣርማ በር፣ ሊማሊሞና ግራ ካሱን በመሳሰሉ ቁልቁለቶች የጠጠር ማምለጫ ይሠራ። ከአንድ ቁልቁለት ይጀመር። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሌላ መንገድ ሲያድስ ከሚቆርጠው ተራራ የሚተርፈው ድንጋይ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከትልቅ ቁልቁለት በላይ፣ አፋፉ ላይ፣ መብራትና ጥበቃ ያለው የግዴታ ማቆሚያ ይኑር። ሹፌሩ ቆሞ ፍሬኑን ይይ፣ ንፋሱን ይይ፣ የተሳቢውን ሸራ ይይ፣ ሻይ ይጠጣ፣ በከባድ ማርሽ ይነሳ። ታች ደግሞ የቁልቁለቱ ርዝመትና ምን ያህል እንደሚወርድ በትልቁ ይጻፍ። ጎሃ ጽዮን ላይ ያን ምልክት ያነበበ አዲስ ሹፌር ሃያ ኪሎ ሜትር እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ዛሬ የሚያውቀው ከዚህ በፊት የወረደ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የተሳቢ ፍሬን ምርመራ የምር ይሁን። ቦሎ ለመለጠፍ ያህል አይሁን። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ሲያዝ ደግሞ ቅጣቱ ለጫነውና ላስጫነው ይድረስ። ኩንታሉን ሹፌሩ ተሸክሞ አላወጣውም።

አራተኛ፣ የምልልስ ክፍያ ይታይ። ሹፌር በሰዓትና በወር ጥሩ ደመወዝ ያግኝ፣ የእረፍት ሰዓቱም በሕግ ይታወቅ፣ ይቆጠር።

አምስተኛውና ለጋዜጠኞች፣ ለትራፊክ ፖሊሶች የምለው፦ «የፍሬን ችግር» ብላችሁ ነጥብ አታድርጉ። አምስት ጥያቄ ጨምሩ። ስንት ኩንታል ጭኖ ነበር? ሹፌሩ ስንት ሰዓት ነዳ? በስንተኛ ማርሽ ነበር? የተሳቢው ፍሬን መጨረሻ የታየው መቼ ነው? መኪናውን ማን ላከው? እነዚህን አምስቱን አንድ ዓመት ብቻ በየአደጋው ብትመዘግቡ ምን እየገደለን እንደሆነ በቁጥር እናውቃለን። አሁን የምናውቀው የሞተውን ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኗል ሥራችን።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን በመግደል አንደኛው ይኸው ነው፤ ከወባም ከኤድስም በላይ። ከ5 እስከ 29 ማለት የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። ያስተማርኳችሁም ናችሁ። ስለዚህ ያገባኛል።

ፒያሳ ውስጥ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የወጣለት ያኔ እዚያ ገደል ሥር የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ፍሬኑ የሞተበት ሹፌር ጥሩምባውን ይዞ እየጮኸ ሲወርድ እሱም እሪ በከንቱ ነው። ከፊት ያለው ይሸሻል፣ ከጎን ያለው «ወይኔ» ይላል፣ የሚደርስለት ጠጠር እንኳን የለም። እነዚህ ሰዎች እኮ ስንዴያችንን፣ ሲሚንቷችንን፣ መድኃኒታችንን ያመጣሉ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የሰፈራችንን ሰው ዕቃ ጭነው እስከ አዲሱ መንደር ያደረሱት እነሱ ናቸው። የሁላችንንም ቤት ያደርሳሉ። የራሳቸው ቤት መድረስ ላይ ነው ብቻቸውን የሚቀሩት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «የፍሬን ችግር» የሚል ዜና ስታዩ ሻማውን ለጥፉ፣ ነፍስ ይማርም በሉ። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ማን ላከው? ስንት ጭኖ? የት ላይ ያምልጥ?» ይህን አንድ ሺህ ሰው ከጠየቀ አንዱ መመለስ ይጀምራል።

ለምትነዱ ወንድሞቼ፦ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፎሌን እርሱት። ባለቤቱ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ቲማቲሙም ቢበሰብስ ይበስብስ። ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢው እንደሚገፋችሁ እያሰባችሁ አፋፉ ላይ ፍሬናችሁን እዩ። ልጆቻችሁ ክፍሌ ውስጥ ናቸው፤ ይጠብቋችኋል።